ጋራዥ ውስጥ የተሰቀለው ባሕር

ፀዳል የዓመት ፈቃዷን የምትወስደው ኅዳር ላይ ነው። ዴንቨር ያለ ሐበሻ ሁሉ ፈቃዱን አጠራቅሞ፣ ሻንጣውን ሦስቴ መዝኖ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ እሷ የበረዶ ጎማ ታስገጥምና የካሜራ ማቆሚያዋን የኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አስራ ትነሣለች። ዋዮሚንግን ታቋርጣለች፣ አይዳሆ ታድራለች፣ በማግስቱ ኦሪገን፣ የባሕሩ አፍ ላይ ናት። ሃያ ሁለት ሰዓት የሚነዳ መንገድ ነው። ብቻዋን ነው የምትነዳው።

«በዚያ ብርድ እዚያ ምን አለ?» ሲሏት፣

«ሰው የለም» ትላለች። ለእሷ ይሄ በቂ መልስ ነው።

ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው። ደሴ ተወልዳ፣ በሱዳን በኩል ወጥታ፣ ኮሎራዶ ከገባች ሃያ ስድስት ዓመት አለፋት። ከዴንቨር በተያያዘችው ኦሮራ ከተማ ያለ አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንቶችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች። ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር በገዛችው ቤት ኮሌጅ ከምትማር ልጇ ከኤልዳና ጋር ትኖራለች። የምነግራችሁን አብዛኛውን ያጫወተችኝ ፀዳል ራሷ ናት። የቀረውን ከጎረቤቷ ከእንቁና ከማኅበራችን ሊቀመንበር ከጋሽ ግዛው ሰምቻለሁ። ሦስቱ በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ፤ ጥፋቱ የሌላው ነው።

ድሮ ሠርግ ነበር የምታነሣው። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፤ ኦሮራ ውስጥ በእሷ ካሜራ ያልተዳረ ቤት ጥቂት ነው። በቀለም ሥራዋ ሰው ሁሉ ይገረም ነበር። በሐምሌ ፀሐይ የተቃጠለውን የፓርክ ሣር ለምለም ታደርገዋለች። ሙሽሮቹ ደመና ውስጥ ቆመው ውለው ፎቷቸው ላይ ፀሐይ ትወጣላቸዋለች። የጋሽ ግዛውን ልጅ ሠርግ ያነሣችው እሷ ናት፤ አልበሙ ዛሬም ሳሎናቸው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ኦሪገን፣ ፖርትላንድ የሚዳሩ ሙሽሮች «ባሕር ዳርቻ ላይ አንሺን» ብለው ወሰዷት። ሙሽራዋ ጸጉሯን ሳትጨርስ ቀርታ ፀዳል አሸዋው ላይ ብቻዋን ሦስት ሰዓት ጠበቀች። ንፋስ ነው፣ ካፊያ ነው። ካሜራው ቆሞ ሥራ ከሚፈታ ብላ ውሃውን አነሣች። ማታ ኮምፒውተሯ ላይ ስታየው ቀለሙ ረበሻት። አወጣችው። ጥቁሩና ነጩ፣ በመሃልም ግራጫው ብቻ ቀሩ። «ያኔ ፀጥ አለልኝ» ትላለች። ሙሽሮቹ መጥተው ተነሥተዋል፤ እሷ ግን ከሙሽሮቹ ጋር አልነበረችም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሠርግ ማንሣት አቆመች። የተቀየማት ብዙ ነው።

አሠራሯን ላስረዳ። ሌንሱ ላይ እንደ በያጅ መነጽር የጠቆረ መስታወት ታስገባለች። ብርሃን በዚያ ውስጥ የሚያልፈው በጠብታ ስለሆነ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ ረጅም ጊዜ መቆየት አለበት። በዚያ መሃል ማዕበሉ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ፎቶው ላይ ግን ማዕበል የሚባል ነገር አይቀርም። ድንጋዮቹ ጥርት ብለው ይቆማሉ፣ ውሃው እንደ ጉም ዙሪያቸው ይተኛል። ጊዜውን የምትለካው በጸሎት ነው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለች በጣቶቿ አንጓ ትቆጥራለች፤ ሦስት ዙር አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አምስት፣ አርባ አንድ ሲሞላ መዝጊያውን ትለቃለች። ሁለት ደቂቃ ገደማ ይሆናል።

«ስልክሽ ላይ ታይመር አለ እኮ» ትላታለች ኤልዳና።

«በዚያ ብርድ ስልክ ማን ይነካል? ጣት ጓንት ውስጥም ይቆጠራል።»

የቸኮለች ቀን ፎቶው ይጠቁራል። «ይሄኛው ላይ እየሮጥኩ ነው የጸለይኩት» ብላ የጣለቻቸው አሉ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ማኅበራችን ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ድሮ ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረ ሰፊ ቤት ገዝቶ አዳራሽ ሊያደርገው ተነሣ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ግዛው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በዚህ ከተማ እሳቸው ያልቀበሩት፣ እሳቸው ያልዳሩት ሐበሻ የለም ቢባል ብዙ አልተጋነነም። አንድ እሑድ ፀዳልን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ያዟት።

«ፀዳልዬ፣ ከመድረኩ ኋላ ያለው ትልቁ ግድግዳ ያንቺ ነው። ባሕር ታነሻለች አሉኝ። አንዱን በደንብ አስተልቀሽ አሠሪልንና ሙሽሮች ከፊቱ ይቀመጡ።»

ባሕሮቿን አይተው አያውቁም። በዓይናቸው ያለው የልጃቸው አልበም ነው። ፀዳልም አይተዋቸው እንደሆነ አልጠየቀችም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ፎቶዎቿን ግድግዳ ላይ ስቀይልን ያላት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ይሄን ስትነግረኝ ድምፅዋ ትንሽ ወረደ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትመርጥ ከርማ አንዱን ለየች፤ ሦስት ድንጋዮች፣ የተኛ ውሃ፣ ነጭ ሰማይ። በራሷ ወጪ አሳተመችው። ርዝመቱ ከጋሽ ግዛው ቁመት ይበልጣል። ክፈፉ ጥቁር ነው።

የታተመው ፎቶ የመጣው ዓርብ ዕለት፣ ፀዳል ሥራ ላይ ሳለች ነው። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው እንቁ የጋራዡን ኮድ ስለምታውቅ ከፍታ አስገባችላት። መጠቅለያ ወረቀቱ ጥጉ ላይ ተቀዷል። በቀዳዳው ጥቁር ክፈፍ አየች፤ ከክፈፉ ቀጥሎ ግራጫ ነገር አየች። እንግዲህ ሐበሻ ቤት እንዲህ ያለ ትልቅ፣ ቀለም የሌለው፣ በጥቁር የተከፈፈ ፎቶ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። የሟች ነው። ከድንኳኑ ፊት ይቆማል፣ ለአርባው ሳሎን ይገባል።

«ወረቀቱን ገልጠሽ ብታይው ኖሮ ምን ነበረበት?» ብዬ ጠይቄያታለሁ።

«የሰው ሐዘን ልገልጥ?» አለችኝ እንቁ፣ አሁንም ተቆጥታ።

ማታ ፀዳል ከሥራ ገባች። ነርሲንግ ሆሙ በዚያው ሰሞን የሠራተኛውን ልብስ ወደ ጥቁር ለውጦ ነበር። እንቁ በመስኮት ታያለች፤ ጥቁር በጥቁር የለበሰች ሴት አንገቷን ደፍታ ከመኪና ወረደች፣ ቀና ብላ ሰላም እንኳ አላለቻትም፣ ገብታ መብራት አጠፋች። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆማ የዋለች ሴት ተኛች እንጂ ሌላ ምን ታድርግ። እንቁ ግን በልቧ ነገሩን ደመደመችው። የፀዳል ታላቅ ወንድም ፍቅረሥላሴ ደሴ ነው፣ በቅርቡም ልቡን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ለጋሽ ግዛው ደወለች።

«ጋሽ ግዛው፣ ፀዳል ተረድታ ደብቃናለች።»

«ለምን ትደብቃለች?»

«ብቻዋን ልትወጣው ነዋ። ብቻዋን ኦሪገን የምትነዳ ሴት ምን ያቅታታል?»

ይሄ ለጋሽ ግዛውም በቂ ማስረጃ ሆነ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አራት መኪና በሯ ላይ ፓርክ አደረገ። ፀዳል በመስኮት ብታይ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ እሽግ ውሃና ዳቦ ተሸክመዋል፣ ጋሽ ግዛው ጥቁር ኮት ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ሐበሻ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አለባበስ በር ላይ የሚቆመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ። ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። በሩን ከፈተችና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ፍቅረሥላሴ ነው?» አለች።

ስሙን ከራሷ አፍ ሲሰሙ እንቁ እሪ አለች። እንቁ እሪ ስትል ደግሞ ፀዳል አረጋገጠች። ሁለቱ ተቃቅፈው እየተላቀሱ ጋሽ ግዛው በሐዘን ወግ ጎንበስ አሉና፣

«መቼ ዐረፈ የኔ ልጅ?» አሏት።

«እኔን ይጠይቁኛል?»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

«ሊነግሩኝ አይደል እንዴ የመጡት?»

ጋሽ ግዛው ቀና ብለው እንቁን አዩ። እንቁ ልቅሶዋን በመሃል አቆመች።

ኤልዳና በፒጃማ ከላይ ወረደች። «ማን ሞተ?» አለች። ነገሯት። «አንክል ፍቅሬ? ማታ የሚያስቅ ቪዲዮ ልኮልኛል እኮ።» እዚያው ደወለች። ፍቅረሥላሴ ደሴ ላይ ሻዩን ይዞ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። አሥራ አምስት ሰው ነጠላ አዘቅዝቆ ዓይኑን እያበሰ ያየዋል።

«ምነው፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?»

«አንተ» አለችው ኤልዳና።

ከዚያ በኋላ ሳቅ ሆነ። የመጣው ዳቦ ተቆረሰ። ፀዳልም ትስቃለች። እንቁ ብቻ አልተዋጠላትም።

«እሺ፣ ጋራዥ ያለው ፎቶ የማነው?»

ሁሉም ወደ ጋራዥ ተግተልትለው ሄዱ። ፀዳል ወረቀቱን ገፈፈችው።

ዝም አሉ። ፀዳል ያንን ዝምታ ስትጠብቀው ኖራለች፤ ግን ብዙ አልቆየላትም።

«ባሕር ነው» አለ አንዱ።

«ባሕርስ ነው» አለች እንቁ። «ማን ሞቶበት ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ግዛው አልሳቁም። ወደ ክፈፉ ቀረብ አሉ፣ ራቅ አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ፀዳልዬ፣ ለአዳራሹ ያልሽው ይሄንን ነው?»

«አዎ ጋሽ ግዛው።»

«ከዚህ ፊት ሙሽራ ልናስቀምጥ?»

«ምን አለበት?»

«እኛው እንኳ ወረቀቱን አይተን ልቅሶ መጣን። እንግዳ ሲያየው ምን ይላል? ቀለም አስገቢበት የኔ ልጅ። ባሕር የሚታወቀው ሰማያዊ ነው።»

«ሰማያዊ ነበረው፣ አረንጓዴም ነበረው። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ረስቼው አይደለም።»

«ካወጣሽው መመለስ አያቅትሽም።»

«አያቅተኝም። አልመልሰውም።»

ጋሽ ግዛው እንዲህ ተብለው አያውቁም። ኮታቸውን ቆለፉና ወጡ።

ያ ሳምንት ለፀዳል ረጅም ነበር። ሃቫና ስትሪት ካለው የሐበሻ ሱቅ ቅመም ልትገዛ ስትገባ ሰዉ «የባሕሩ እዝን ደርሶሻል?» እየተባባለ ይሳሳቃል። የኮሚቴው ሰዎች በየተራ ደወሉ። አንዱ «ለአገር ልጅ ብለሽ» ይላል፣ ሌላው «አርቲስት ሆንሽብን እኮ» ይላል። ኤልዳናም ከእነሱ ወገን ሆነች።

«ማም፣ አንድ ክሊክ ነው። ለእነሱ ሰማያዊውን ስጫቸው፣ አንቺ ያንቺን ቤት ውስጥ ስቀዪ። ኤቭሪባዲ ሃፒ።»

«ስሚኝ ኤልዳና። ለሠርግ ስሠራ ለሰው ያልነበረውን ቀለም ስሰጥ ኖርኩ። ሣሩን አለመልማለሁ፣ የደከማትን ሙሽራ ጉንጭ አቀላለሁ። ሁሉም ደስ ይላቸዋል። አንድ ሰው ግን ፎቶዬ ፊት ቆሞ ዝም ብሎ አያውቅም። 'ያምራል' ብሎ ገጹን ይገልጣል። ሰማያዊውን ብሰቅለው 'ሃዋይ ነው? ትኬቱ ስንት ነው?' ነው የሚሉኝ።»

«አሁን 'ማን ሞተ' እያሉሽ ነው እኮ።»

«ይበሉ። ቢያንስ ቆመው ነው ያሉት።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ፎቶው ግድግዳውን ተደግፎ ወለል ላይ ቆሟል። ያመጣው ብርሃነመስቀል ነው፤ የአዳራሹን ግድግዳ የሠራው አናጢ እሱ ነበርና ከውስጥ ወፍራም እንጨት አስገብቶ ለክፈፉ ቦታ አዘጋጅቶለት ነበር። ጭምት ሰው ነው፤ በስብሰባ ተናግሮ አያውቅም። ጋሽ ግዛው ነገሩን አስረዱ። በሠርግ አዳራሽ ልቅሶ አይሰቀልም፤ ወይ በቀለም ይሠራ፣ ወይ ከበይነመረብ አንድ ደስ የሚል ባሕር እናሳትም። እጅ ሊያስወጡ ሲሉ ጥግ ላይ መሰላል ላይ ሆኖ ሲሠራ የነበረው ብርሃነመስቀል ወረደ።

«እኔ የኮሚቴ አባል አይደለሁም» አለ።

«ተናገር» አሉት ጋሽ ግዛው።

«ከሊቢያ በጀልባ ነው የወጣሁት፤ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ያን ቀን ባሕሩ ሰማያዊ ነበር። ፖስትካርድ ነው የሚመስለው። ዘጠና ሆነን ገባን፣ ሃምሳ ሁለታችን ወጣን። ሰማያዊ ከሰቀላችሁ እኔ እዚህ አዳራሽ ሠርግ ልበላ አልገባም። ይሄኛውን ግን ከትናንት ጀምሮ ሳየው ነበር፤ አላስፈራኝም።»

ጋሽ ግዛው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እሳቸው ግትር ናቸው እንጂ ልበ ደረቅ አይደሉም። ጢማቸውን ሲደባብሱ ቆይተው፣

«እንግዲያው መፍትሔው ተገኘ» አሉ። «ከሥሩ 'ባሕር ላይ ለቀሩ ወገኖቻችን መታሰቢያ' ብለን በናስ እናስቀርጽ። ያኔ ጥቁረቱ ምክንያት ያገኛል። ማንም አፉን አይከፍትም።»

ሁሉም «ይሄ ነው» አለ። አንዲት ሴት አለቀሰች። አንዱ ተነሥቶ የጋሽ ግዛውን ትከሻ ሳመ። ነገሩ ያለቀ መሰለ። ፎቶው ሊሰቀል ነው፣ ያለ ቀለም፣ እንዳለ፣ በክብር። ፀዳል የፈለገችው ይሄን አልነበረም?

«አይሆንም» አለች።

«ምኑ?»

«ጽሑፉ። እኔ መታሰቢያ አላነሣሁም፤ ውሃ ነው ያነሣሁት።»

«ሰው ሞቷል እኮ ፀዳል» አለች ያለቀሰችው ሴት።

«አውቃለሁ። ሐውልት እናቁምላቸው፣ ስማቸው ይጻፍ፤ የመጀመሪያዋ የማዋጣው እኔ እሆናለሁ። ግን ኦሪገን ቆሜ እጄ ደንዝዞ ሳነሣ እነሱን አላሰብኩም። ድንጋዩ ነው የታየኝ፣ ብርሃኑ ነው የታየኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግድግዳ ስለተገኘ ብዬ በሙታን ስም አልዋሽም።»

«የተሰጠሽን ክብር መግፋት ነው ይሄ» አሉ ጋሽ ግዛው፤ ድምፃቸው ተለውጧል። «መጀመሪያ 'ልቅሶ አይደለም' አልሽን። እሺ፣ ለልቅሶ እናድርገው አልን። ደግሞ እምቢ። ታዲያ ምንድን ነው?»

«ባሕር ነው ጋሽ ግዛው።»

«ባሕር ብቻ?»

«ባሕር ብቻ።»

«እንግዲያው ግድግዳው ባዶውን ይቆይ።»

«ይቆይ።»

ፎቶውን ብርሃነመስቀል በፒክአፑ መለሰላት። ቻምበርስ ሮድን አለፉ። በኋላ፣

«እኔ ልረዳሽ ብዬ ነበር የተናገርኩት» አለ።

«ገብቶኛል።»

«ያን ቀን ያየሁትን ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

«እሱም ገብቶኛል። ለዚህ ነው እምቢ ያልኩት። ያንተን ባሕር አንተ ታውቀዋለህ። እኔ አላየሁትም፤ አየሁት ብዬ ስሜን ከሥሩ ላስቀርጽ?»

ቤቷ ደርሰው ብርሃነመስቀል ፎቶውን አወረደና ጋራዡ መሃል ቆሞ ዙሪያውን ተመለከተ። የተቀዳደደ ካርቶን፣ የኤልዳና የድሮ ብስክሌት፣ የበረዶ አካፋ።

«ይሄ ግድግዳ ይችላል» አለ። «መኪናሽ ውጭ ትደር ካልሽ።»

«ትደር።»

በሳምንቱ መሰርሰሪያውን ይዞ መጣ። ኤልዳና እየተነጫነጨች ግድግዳውን ነጭ ቀባች፤ ከዚያ መነጫነጯን ትታ መብራቶቹን እሷው አስተካከለች። ትልቁ ከፊት ለፊት ተሰቀለ፣ አሥር ትንንሾች በግራና በቀኝ። ከግንቦት ጀምሮ እሑድ ከሰዓት በኋላ የፀዳል ጋራዥ በር ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ይከፈታል። አሜሪካኖቹ ጎረቤቶች መጀመሪያ መኪናቸውን አቁመው «ጋራዥ ሴል ነው?» ይላሉ። «የሚሸጥ የለም» ትላቸዋለች። ግራ ገብቷቸው ይገባሉ። አንዳንዱ ወዲያው ይወጣል፣ አንዳንዱ አይወጣም።

ሐበሻውም ሊስቅ መጣ። «ልቅሶ ቤቱ የት ነው?» እያሉ የገቡ ነበሩ። ፀዳል አታብራራም። ምን ለማለት እንደሆነ ለሚጠይቃት «ባሕር ነው» ትላለች። እንቁ በየሳምንቱ እየመጣች ሁሌም አንድ ነቀፌታ ታገኛለች፤ ባለፈው «ይሄኛው ድንጋይ አማቴን ይመስላል» ብላ ሩብ ሰዓት ከድንጋዩ ጋር ተፋጠጠች። ብርሃነመስቀል አንድ ቀን ሚስቱን ይዞ መጣ። ትልቁ ፊት ቆሙ። ምን እንደነገራት አልሰማንም፤ ሲወጡ ግን እጇን ይዟት ነበር። ያን ዕለት ፀዳል ወደ ቤት ገብታ ዕቃ ስታጥብ ቆየች።

አዳራሹ ሐምሌ ላይ ተመረቀ። ከመድረኩ ኋላ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው። በሠርግ ቀን ፊኛ ይለጥፉበታል፣ በማግስቱ ይረግፋል። ከበይነመረብ የተገኘውን ሰማያዊ ባሕር ለማሳተም ሁለት ጊዜ ተወስኖ ሁለት ጊዜ ቀርቷል። ምክንያቱን በግልጽ የሚናገር የለም። ብርሃነመስቀል ታዳሚው መሃል ተቀምጦ ሳለ ማን ደፍሮ ይስቀለው?

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አንድ እሑድ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የጋሽ ግዛው መኪና ፀዳል በር ላይ ቆመች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ከእንቁ ጋር ከጋራዡ ፊት ድራይቭዌዩ ላይ ተቀምጠን ወሬ ይዘናል። እንቁ በክርኗ ነካችኝ። ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው ወረዱ፣ ለእኛ ባርኔጣቸውን አነሡ፣ ጋራዡ አፍ ላይ ቆሙ። ፀዳል ከውስጥ ታያቸዋለች። ወደ እሳቸው አልሄደችም። የሚታጠፍ ወንበር አንሥታ ዘረጋችና መሃል ላይ አቆመችው።

«ይግቡ ጋሽ ግዛው።»

ገቡ፣ ተቀመጡ። ትልቁ ከፊታቸው ነው። ፀዳል እጆቿን አጣምራ ከጎን ቆመች።

«ከመጀመርዎ በፊት ልንገርዎ» አለች። «ስለ አዳራሹ ከሆነ መልሴ ያው ነው። ቀለም የለም፣ ጽሑፍ የለም። እንዳለ ከሆነ ዛሬ አውርጄ እሰጥዎታለሁ። ካልሆነ እዚሁ ይኖራል።»

ጋሽ ግዛው ዓይናቸውን ከፎቶው አላነሡም።

«ስለ አዳራሹ ማን ጠየቀሽ?» አሉ። «ፈቀቅ በይ፤ ብርሃኑን ጋረድሽብኝ።»

ፀዳል ፈቀቅ አለች።